ስድስት የአናጢ መሣሪያ ከባሌስትራ፦ ኮምቦልቻ ላይ የከሸፈው ዙርና የተሳካው

ኮምቦልቻ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ለአካባቢው ብረት ቀጥቃጭ ስድስት ዕቃ አዘዘ፦ ባለ 10፣ ባለ 12፣ ባለ 20 እና ባለ 25 ሚሊ ሜትር አራት መሮ፣ እንዲሁም 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የመላጊያ ምላጭ። ከገበያ የሚገዛው ርካሽ መሮ የደረቀ ባህር ዛፍ ሲነካ ጫፉ ይታጠፋል፤ የደህናው ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። ባሌስትራ፣ ማለትም ከመኪናው ሥር ጭነቱን የሚሸከመው የተነባበረ የብረት ዝርግ፣ ግን በሽ ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ የሚመጣው ከባድ መኪና ኮምቦልቻን ይረግጣል፤ ወደ ደሴ የሚቀጥለው በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣል። በጭነትና በጉድጓድ ብዛት ባሌስትራ ይሰበራል፣ ጋራዥ ደጅ ይከመራል፣ በኪሎ ይሸጣል።

የመጀመሪያው ዙር አልቆ ዕቃዎቹ ሥራ ላይ ሲውሉ ከስድስቱ የበረከተው አንዱ ብቻ ነው። ባለ 10 መሮ ቀዳዳ ሲቆፈርበት ከስለቱ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። የባለ 25ቱ ስለት ተሸራረፈ። ባለ 12ቱ ጥግ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አበጀ። አንደኛው የመላጊያ ምላጭ ሁለት ሳንቃ ሳይላግ ደነዘ፤ ሌላኛው ገና ከመነሻው ጠምሞ ስለነበር መላጊያው ውስጥ አልቀመጥ አለ። ባለ 20 መሮው ብቻ ሥራውን ቀጠለ።

አናጢው የተሰበሩትን ይዞ ሲመለስ፣ «ጋሼ፣ ችግሩ ከብረቱ ነው ወይስ ከእሳቱ?» አለ። ቀጥቃጩ ብረቱን አላማም፤ «ብረቱማ የጭነት መኪና ነው ልጄ፤ ስንት ኩንታል ተሸክሞ የኖረ!» ሲል መለሰ። የተሰበሩት ዕቃዎች አንድ በአንድ ሲፈተሹ ግን መልሱ አንድ ሆኖ አልተገኘም። አምስቱ የከሸፉት በአምስት የተለያየ ምክንያት ነው፤ ባለ 20ው የተረፈበት ምክንያት ደግሞ ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምር ሆነ።

ብረቱና የመጀመሪያው አሠራር

ባሌስትራ እንደ አምራቹ ይለያያል። ካርቦኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.65 በመቶ ሲሆን ከእሱ ጋር ክሮሚየም ወይም ሲሊኮንና ማንጋኒዝ ይኖርበታል። ይህን ያህል ካርቦን ለመሮ ይበቃል፤ ለመላጊያ ምላጭም ይሆናል። ለማነጻጸር ያህል፣ ተራ ፌሮ ካርቦኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 በመቶ ስለማያልፍ የፈለገውን ያህል ግሎ ቢነከር ስለት የሚይዝ ጥንካሬ አያገኝም። ባሌስትራ ውስጥ ያሉት ተጨማሪ ማዕድናት ሌላም ጥቅም አላቸው፦ ብረቱ ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝም ይጠነክራል። ስለዚህ ዘይት ይበቃዋል፤ ውሃ አያስፈልገውም፤ አያስፈልገውም ብቻ ሳይሆን ይጎዳዋል።

ለመሮዎቹ የተወሰደው እንደ አይሱዙ ካለ መካከለኛ የጭነት መኪና የወጣ፣ 70 ሚሊ ሜትር ስፋትና 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዝርግ ነው። በ2 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ዲስክ በቁመቱ ሁለት ጊዜ ሲቀደድ 22 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ዘንጎች ይወጡታል። 14 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቁራጭ 270 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ለአንድ መሮ እጀታው ውስጥ ከሚገባው ጭራ ጋር ይበቃል። ለምላጮቹ ከሚኒባስ የወጣ 60 በ7 ሚሊ ሜትር ዝርግ ተገኘ።

ሥራው የተሠራው ጣሪያ በሌለው ግቢ፣ ከረፋድ እስከ ምሽት ነው። ቀጥቃጩ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ሲያወጣ የኖረ እጀ ወርቅ ስለሆነ ቅርጽ አልቸገረውም። ብረቱ ጋለ፣ መስፉ ላይ ተቀጠቀጠ፣ በሞረድ ተስተካከለ፤ ከዚያ ደማቅ ብርቱካናማ እስኪመስል ጋለና የውሃ ባልዲ ውስጥ ተነከረ። ለማረሻ ይህ ያስኬዳል። ማረሻ ወፍራም ነው፤ አፈር ይገፋል እንጂ ቃጫ አይቆርጥም፤ ጫፉ ጥቂት ቢሸረፍ ገበሬው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የመሮ ስለት ግን 30 ዲግሪ በምትሆን ተዳፋት ጫፍ ላይ የቀረች ስስ ብረት ናት፤ በዚያ ላይ በመዶሻ ትመታለች፣ ቀዳዳ ውስጥ ሆና ትጠመዘዛለች። ማረሻ ይቅር የሚለውን ስህተት መሮ ይቅር አይልም።

ስብራቱን ማንበብ

የተሰበረ ብረት የስብራቱን ፊት ለሚያይ ሰው ብዙ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ግን ወዲያው ቆራሌው ጆንያ ውስጥ ስለሚገባ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። የእነዚህ ስብራት ተቀምጦ በአጉሊ መነጽር ታይቷል።

የባለ 10 መሮው ስብራት ፊት አብዛኛው ንጹሕ ግራጫ ነበር። አንደኛው ዳር ላይ ግን ግማሽ ክብ የሆነ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ የገባ ጥቁር ቦታ አለው። ጥቁሩ የእሳት ቅርፊት ነው፤ የጋለ ብረት አየር ሲነካው የሚያወጣው ሽፋን። ቅርፊት ሊያበጅ የሚችለው ብረቱ ሲግል ክፍት የነበረ ስንጥቅ ብቻ ነው። መሮው ገና ሲቀጠቀጥ ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው፤ ስንጥቁም የመጣው ከባሌስትራው ነው። ቀጥቃጩ ያመሰገነው «ስንት ኩንታል መሸከም» ብረቱን አድክሞታል። ባሌስትራ ጭነት ሲያርፍበት ወደ ላይ የሚያየው ጎኑ ይለጠጣል፤ በሚሊዮን ጊዜ መወዛወዝ ውስጥ ስንጥቅ የሚጀምረው በዚያ ጎን፣ በተለይ በመሐል ቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያና ዝርጎቹ እርስ በርስ በሚፋተጉበት ጫፍ ነው። ባለ 10ው የተቆረጠው ከመሐል ቀዳዳው አጠገብ ነበር።

እዚህ ላይ ሦስት ቀለሞችን መለየት ይጠቅማል። የስንጥቁ ፊት ጥቁር ቅርፊት ካለው ስንጥቁ ብረቱ ከመነከሩ በፊት የነበረ ወይም ሲቀጠቀጥ የመጣ ነው። የጭድ ቀለም ወይም ሰማያዊ ከሆነ ሲነከር ተሰንጥቆ በኋላ ሲለዝብ፣ ማለትም ተሰባሪነቱ እንዲቀንስ በመጠኑ እንደገና ሲሞቅ፣ ቀለሙን ይዟል። ንጹሕ ግራጫ ከሆነ ደግሞ ሥራ ላይ እያለ የተሰበረ ነው።

የባለ 25ቱ ሽርፍራፊ ሌላ ነገር አሳየ። ፊቱ ላይ ያለው ቅንጣት የስኳር ፍሬ ያህል ሻካራና የሚያብለጨልጭ ነበር። በልኩ የጋለ ባሌስትራ ተሰብሮ ሲታይ ግን ድፍን ግራጫ ነው፤ ቅንጣቱ በዓይን አይለይም። ብረት ከልክ በላይ ሲግል ቅንጣቶቹ ያድጋሉ፤ በዚያው ሁኔታ ሲነከር ጠንካራ ይሆናል፣ ነገር ግን በትልልቆቹ ቅንጣቶች ወሰን እየተላቀቀ ይሸራረፋል። ለባሌስትራ ተገቢው የመንከሪያ ሙቀት ከ830 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህኛው 1,000 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ እንደነበር ብርቱካናማው ቀለም ይመሰክራል።

ልምድ ያለው ቀጥቃጭ ሙቀቱን እንዴት ሳተ? ፀሐይ ናት ያሳተችው። 800 ዲግሪ ላይ ያለ ብረት ጨለማ ቤት ውስጥ ፍም መስሎ ሲታይ፣ በኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ ግን ቅላቱ እምብዛም አይለይም። ዓይን የለመደውን ቀለም ለማግኘት እጅ እሳቱን ይጨምራል፤ ቀለሙ ሲታይ ሙቀቱ ከልኩ 150 ዲግሪ አልፏል።

ይህን ያረጋገጠው ባለ 20ው ነው። እሱ የቀኑ የመጨረሻ ዕቃ ስለነበር ተራው የደረሰው ፀሐይዋ በምዕራብ ካለው ተራራ ጀርባ ከገባች በኋላ ነው። በምሽቱ ብርሃን ቀጥቃጩ ቀለሙን በትክክል አየ፤ ብርቱካናማ ሳይደርስ አወጣው። ጫፉን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነክሮ አወጣና በድንጋይ ፈተግ አደረገው፤ አንገቱ ላይ የቀረው ሙቀት ወደ ጫፉ ሲወርድ የጭድ ቀለም ሲመጣ አይቶ ጨርሶ ነከረው። ይህ ጥንታዊና ትክክለኛ የማለዘብ ዘዴ ነው። ቀትር ላይ ይህን ያልሞከረው ስለማያውቀው ሳይሆን የጭዱ ቀለም በቀትር ፀሐይ ነጸብራቅ በቀላሉ ስለማይለይ ነው። ከዚህ በኋላ «ቀጥቃጩ አያውቅም» የሚለው ሐሜት መቅረት ይኖርበታል። እውቀቱ አለ፤ የጎደለው ጥላ ነበር።

የባለ 12ቱ ስንጥቅ የውሃው ሥራ ነው። ተነክሮ ሳለ «ጢክ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ እንደነበር ረዳቱ አስታውሷል። ውሃ ብረቱን ከሚገባው በላይ በፍጥነት ስለሚያቀዘቅዘው ቆዳው ሲጠነክርና ውስጡ ሲከተል በሚፈጠረው መሳሳብ ሹል ጥግ ይሰነጠቃል። ከዚህ የሚለየው ባለ 20ው በውሃ ተነክሮም መትረፉ ነው፤ ዝቅ ካለ ሙቀት ስለተነሣና ጫፉ ብቻ ስለገባ አመለጠ። ይህን እንደ ማረጋገጫ ወስዶ በውሃ መቀጠል አያዋጣም።

የደነዘው ምላጭ መጀመሪያ ያልጠነከረ መስሎ ነበር፤ ሞረድ ጀርባው ላይ ይነክስ ነበርና። ግማሽ ሚሊ ሜትር ተፍቆ እንደገና ሲሞከር ግን ሞረዱ ተንሸራተተ። ከሥሩ ጠንካራ ብረት አለ ማለት ነው። ብረት ፍም ላይ ብዙ ሲቆይ ከቆዳው ካርቦን ይቃጠላል፤ ላዩ ለስላሳ ብረት ይሆናል። የመሮና የምላጭ ስለት ደግሞ የሚቆመው ልክ በዚያ ቆዳ ላይ፣ በጠፍጣፋው ጀርባ ነው። ተዳፋቱ ምንም ያህል ቢሳል ስለቱን የሚሸከመው ጀርባው ነው። ብዙ አናጢዎች «አዲስ እያለ አይሠራም፣ ሲሳል ሲሳል ይሻለዋል» የሚሉት ዕቃ ምስጢሩ ይኸው ነው። ይህ ምላጭ ከቆሻሻ ተነሥቶ ጀርባው ተፈቅፍቆ አሁንም ይሠራል።

ሁለተኛው ምላጭ 18 ሴንቲ ሜትር ርዝመቱ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ጠምሟል። ውሃ ውስጥ በጎኑ ስለገባ አንዱ ፊት ቀድሞ ቀዘቀዘ፤ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻም።

ሁለተኛው ዙር

ለሁለተኛው ዙር ከሁሉ በፊት የተለወጠው ቦታው ነው። ምድጃው በሦስት ጎን በቆርቆሮ ወደተከለለ መጠለያ ገባ፤ ጭሱና የከሰሉ ጋዝ እንዲወጣ አራተኛው ጎንና የጣሪያው ሥር ክፍት ሆኖ ቀረ። ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላልና ጨለማ ፍለጋ በር መዝጋት አይገባም።

ዝርጉ የተመረጠው ከተሰበረ ጥቅል ውስጥ ካልተሰበሩት ነው። ከመሐል ቀዳዳው ግራና ቀኝ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ተጣለ። የቀረው በሽቦ ብሩሽ ነጽቶ ነጭ ጋዝ ተቀባ፤ ሩብ ሰዓት ቆይቶ በጨርቅ ደህና አድርጎ ተወለወለና የተፈጨ ጠመኔ ተነሰነሰበት። ስንጥቅ ካለ የገባበት ጋዝ ወደ ጠመኔው ይወጣና ጥቁር መስመር ያሰምራል። አንደኛው ዝርግ ጫፉ ላይ እንዲህ ያለ መስመር ስላሳየ ያ ክፍል ለሽብልቅ ቀረ። ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ናሙና ተቆርጦ ጋለ፣ ዘይት ተነከረ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሞርሳ ላይ በመዶሻ ተሰበረ። ድፍን ግራጫ ስለወጣ ዝርጉ ተቀባይነት አገኘ። ከዝርግ ዝርግ ብረቱ ሊለያይ ስለሚችል ይህ ናሙና ለእያንዳንዱ ይደረጋል። ስድስት ዕቃ ተሠርቶ ከሚቃጠል አምስት ሴንቲ ሜትር ብረት ቢቃጠል ይሻላል።

ስለ ቁርጥራጭ ብረት ከተነሣ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ካዳረሰ ወዲህ ቁርጥራጭ ብረት ውስጥ የማይታወቅ ነገር ሊገባ ይችላል። ምንነቱ በእርግጠኝነት ያልታወቀ ቱቦ፣ ቀለህ ወይም ድፍን ብረት እሳት አይነካም፤ ለፖሊስ ይነገራል። የታሸገ የመኪና አሞርዛተርም ሳይከፈት ምድጃ ውስጥ አይገባም፤ ይፈነዳል። ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ ሲግል የሚያወጣው ነጭ ጭስም ሰውን ያሳምማል።

ዝርጉ ቀይ እስኪሆን ጋለና ለማደር ደረቅ አመድ ውስጥ ተቀበረ፤ ጠዋት ዲስክም ሞረድም በቀላሉ ቆረጠው። ቅጥቀጣው ደማቅ ብርቱካናማ ላይ ይጀመራል፤ ቀይነቱ መደብዘዝ ሲጀምር መዶሻው ይቆማል። በዚያ ላይ የሚመታ እያንዳንዱ ምት የስንጥቅ ዘር ነው። በተቃራኒው ብረቱ ከፍም ሲወጣ ነጭ ብልጭታ ከተረጨ ተቃጥሏል፤ ያ ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል እንጂ አይጠገንም። ለእጀታው የሚገባው ጭራ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከትከሻው ጋር የሚገናኝበት ጥግ ሹል ሳይሆን ክብ ተደርጎ። መሮው በሁሉም ጎን ከሚፈለገው መጠን 1 ሚሊ ሜትር ወፍሮ ይቀራል፤ ይህ ትርፍ ካርቦኑን ያጣውን ቆዳ ለመፋቅ ነው።

ከቅጥቀጣው በኋላ ቅንጣቱን ወደ ልኩ የሚመልሰው ሥራ ይመጣል። መጀመሪያ 870 ዲግሪ ያህል፣ ቀጥሎ 840፣ በመጨረሻ 810፤ በየመሐሉ ነፋስ በማይነካው ጥላ ጥቁር እስኪሆን ብቻውን ይቀዘቅዛል። ይህ ለሦስት ጊዜ መሆኑ ብዙዎችን ያሰለቻል፤ የመጀመሪያው ዙር ላይ ጨርሶ አልተደረገም ነበር። የስኳሩን ቅንጣት የሚያጠፋው ግን ይኸው ነው።

ሙቀቱን ለመለካት ሦስት ርካሽ ዘዴ ተጣምሮ ተሠራበት። ማግኔት 770 ዲግሪ ገደማ ላይ ብረቱን መሳብ ያቆማል። የገበታ ጨው 801 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ቁንጥጫ ጨው ብረቱ ላይ ጣል ሲደረግ ቀልጦ ከጠፈጠፈ 800 አልፏል። ሦስተኛው ዓይን ነው፦ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዚንክ ያልተቀባ ወፍራም ቱቦ ፍሙ መሐል ተቀብሮ መሮው በውስጡ ይግላል። እሳቱ በቀጥታ ስለማይነካው እኩል ይሞቃል፣ ቆዳውም እንደ በፊቱ አይቃጠልም። ጨለማው ውስጥ ትኩር ብሎ ላየ ሰው ብረቱ ውስጣዊ ለውጥ ሲያደርግ ጥቁር ጥላ ወደ ወፍራሙ ክፍል ሲሸሽ ይታያል። ጥላው ጨርሶ ሲጠፋ፣ ማግኔቱም መሳብ ካቆመና ቀለሙ ከዚያ ጥቂት ከደመቀ በኋላ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ይያዝና ይነከራል።

ዘይቱ 5 ሊትር የምግብ ዘይት ነው፤ ዲያሜትሩ 16 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቁመተ ረጅም ጣሳ ውስጥ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይሰጣል። ከጋራዥ የሚገኝ የተቃጠለ ዘይት በነፃ ቢገኝም ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ተትቷል። ዘይቱ ከመንከሩ በፊት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይሞቃል። ይህ ለብዙዎች ግራ ያጋባል፣ ቀዝቃዛ ዘይት የበለጠ የሚያጠነክር ስለሚመስል። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ብረቱን ከቦ ይቀራል፤ የሞቀው ግን እየተንቀሳቀሰ ሙቀት ይወስዳል። የረጋ የፓልም ዘይት ከሆነ፣ በተለይ በደሴ ብርድ፣ ሳይሞቅ ጨርሶ አይሠራም። አንድ መሮ ሙሉ በሙሉ ሲነከር ይህን ዘይት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ከሁለት ሦስት ዕቃ በኋላ ፋታ ይሰጠዋል። ጣሳው የብረት ክዳን አለው፣ ዘይቱ ከተያያዘ ለማፈን። ውስጡ ውሃ እንዳይኖር ይጣራል፤ ሥር የተኛ ውሃ በግለት ሲነካ ዘይቱን ይረጨዋል።

መሮው በስለቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፣ በጎኑ አይወዛወዝም። ስለቱ በዚህ ጊዜ አልተሳለም፤ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወፍሮ ተትቷል፣ ስስ ጫፍ ከሌላው ቀድሞ ስለሚግልና ስለሚሰነጠቅ። የሚጠነክረው ከስለቱ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያለው ብቻ ነው፤ ጭራው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ምጣዱ

ከዘይት የወጣ መሮ ሞረድ አይነካውም፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ መለዘብ አለበት፤ ተቀምጦ ካደረ ራሱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ሥራ ቤቱ ለዚህ የተጠቀመው እንጀራ መጋገሩን ያቆመ፣ የተሰነጠቀ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ደረቅ ጥሩ አሸዋ 3 ሴንቲ ሜትር ተነጠፈበት፣ መሮዎቹ አሸዋው ውስጥ ተኙ፣ የምድጃ ቴርሞሜትር ከጎናቸው ገባ፣ አክምባሎ ተደፋበት። ምጣዱ ሙቀት መቆጣጠሪያ ስለሌለው በማብራትና በማጥፋት ይገራል። አንዱ ቦታ ከሌላው ስለሚግል ዕቃዎቹ በየሩብ ሰዓቱ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ቴርሞሜትሩ ራሱ መፈተሽ አለበት፤ በፈላ ውሃ የሚፈትሽ ሰው ደግሞ 100 ዲግሪ መጠበቅ የለበትም። በኮምቦልቻ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ፣ ደሴ ላይ 92 አካባቢ ነው። 100 እንዲያሳይ የተጠመዘዘ ቴርሞሜትር ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ይዋሻል።

ምላጮቹና በእጅ የሚገፋው ባለ 25 መሮ 200 ዲግሪ፣ በመዶሻ የሚመቱት ባለ 10፣ ባለ 12 እና ባለ 20 ደግሞ 225 ዲግሪ ተደረጉ። እያንዳንዱ ለአንድ ሰዓት ሙሉ፣ ከዚያ ቀዝቅዞ እንደገና ለአንድ ሰዓት። ከመግባታቸው በፊት አንድ ፊታቸው በብርጭቆ ወረቀት ተወልውሎ ስለነበር ቀለሙ ይታያል፦ 205 ላይ ፈዛዛ የጭድ ቀለም፣ 225 ላይ ደመቅ ያለ ጭድ፣ 255 ላይ ቡኒ፣ 275 ላይ ሐምራዊ፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ። ረጅም ሰዓት የቆየ ብረት ግን በዝቅተኛ ሙቀትም ቢሆን ቀለሙ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ካለ እሱ ይታመናል። መሐል ላይ መብራት ከሄደ መደንገጥ አያስፈልግም፤ አሸዋው ሙቀቱን ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፣ የጎደለው በኋላ ይሞላል። ያነሰ ማለዘብ ይደገማል። ያለፈ ማለዘብ ግን መመለሻው እንደገና አግሎ መንከር ብቻ ነው።

አንደኛው ምላጭ በዚህ ዙርም 0.4 ሚሊ ሜትር ጠምሟል። ከሁለት ወፍራም የብረት ሳህን መሐል ተደርጎ፣ ጉብታውን ወደ ተቃራኒው እንዲገፋ ስስ ላሜራ ተሸጉጦ፣ በመቆንጠጫ ተጣብቆ ምጣዱ ላይ ወጣ፤ ሁለተኛው ሰዓት ሲያልቅ ቀጥ ብሎ ወጣ። ቀዝቃዛውን በመዶሻ ማቃናት ቢሞከር ይሰበር ነበር።

ከእሳት በኋላ

ስድስቱም ከምጣዱ ደህና ወጡ። አንዱ ግን ግራይንደር ላይ ተበላሸ። የባለ 12ቱ ተዳፋት ሲፈቀፈቅ ጥግዋ ሰማያዊ ሆነች። ያ ማለት ብረቱ 300 ዲግሪ ደርሶ ለስልሷል። የሁለት ሰዓት ምጣድ በሁለት ሰከንድ ዲስክ ጠፋ። ሰማያዊው እስኪያልቅ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ በሞረድ ድንጋይ ተበልቶ ዕቃው ዳነ። ከዚህ ወዲያ ያለ ጓንት፣ ጣት ከስለቱ አጠገብ ተደርጎ ይፈቀፈቃል፤ ጣት ካልቻለው ውሃ ይገባል። የመጨረሻው 1 ሚሊ ሜትር ሲቀር ያለው ሥራ ሁሉ በእጅ በመሳያ ድንጋይ ነው።

ጀርባው አስቀድሞ ይስተካከላል፣ ከስለቱ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያለው ብቻ ቢሆን ይበቃል፤ ከቆዳው ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሄዱ በሞረድ መንሸራተት ይረጋገጣል። ተዳፋቱ ለባለ 25 መሮ 25 ዲግሪ ተፈቅፍቆ ስለቱ ላይ 30 ይሳላል፤ ቀዳዳ ለሚቆፍሩት ባህር ዛፍ ላይ 35 ድረስ ይደረጋል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ አንጓ ላይ ይሸረፋል፤ ያኔም ጥፋቱ የእሳቱ ሳይሆን የማዕዘኑ ነው።

እጀታው ወይራ ነው። ቀለበቱ ከግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ በቀዝቃዛው የተቆረጠ 15 ሚሊ ሜትር ቁራጭ፤ በመዶሻ ሲመታ እንጨቱ እንዳይፈነጠር ይይዛል። የጭራው ቀዳዳ በሁለት ስፋት ይሰረሰራል፣ ከላይ ሰፋ ከውስጥ ጠበብ፤ ጭራው ተመትቶ የመጨረሻዋን 5 ሚሊ ሜትር ካልተግደረደረ ልክ አይደለም።

መሮዎቹ በደረቀ የባህር ዛፍ ፍሬም ላይ 40 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ሲቆፈርባቸው ስለታቸው አልተሸረፈም፣ አልታጠፈም። ምላጮቹ ዋንዛና ጥድ ላይ ጥሩ ይላጋሉ፤ ወይራ ላይ ግን ከሚጠበቀው ቀድመው ይደነዝዛሉ። ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ 0.6 በመቶ ካርቦን ያለው ብረት ለጠንካራ እንጨት ምላጭ አቅሙ እዚያው ላይ ነው። ለወይራ የሚሆነው ካርቦኑ 1 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ብረት ነው፤ ቁርጥራጭ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ደግሞ ያረጀ ትልቅ ሞረድ ነው። ኩሽኔታም ካርቦን አለው፣ ነገር ግን ሙቀት ላይ ጠበቅ ያለ ቁጥጥርና ቆይታ ስለሚፈልግ ለከሰል ምድጃ አይመከርም። ርካሽ ሞረዶች ቆዳቸው ብቻ የጠነከረ ስለሆነ መጀመሪያ ጫፉ ተሰብሮ ይታያል፤ ከዳር እስከ መሐል አንድ ዓይነት ድፍን ግራጫ ካልሆነ ይተዋል። ከቅጥቀጣው በፊት ጥርሶቹ በሙሉ በግራይንደር ይፈቀፈቃሉ። ጥርሱ ሳይወገድ የተቀጠቀጠ ሞረድ ጥርሶቹ ወደ ውስጥ ይታጠፉና እያንዳንዳቸው ስንጥቅ ይሆናሉ፤ 35 ሚሊ ሜትሩ ሞረድ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ምላጭ ሲሰፋ ያ ስንጥቅ ስለቱ ድረስ ይወርዳል።